አሳንሱት እንጂ አትተዉት፦ ክፉ ዓመትን በቤት ውስጥ በእምነትና በደስታ ማሳለፊያ መመሪያ

ጎጃም ውስጥ ላለን ሰዎች ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ያለው ጊዜ እንዴት እንደነበረ ነጋሪ አያሻንም። መንገድ ይዘጋል። ኔትወርክ ይጠፋል። ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ማዳበሪያው፣ ዘይቱ፣ ቡናው፣ የሁሉም ዋጋ አይቀመስም። ሐዘን የገባበት ቤትም ብዙ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በእንዲህ ያለ ጊዜ ቤቱ እንዳይቀዘቅዝበት ለሚጨነቅ ሰው ነው። ለእናት፣ ለአባት፣ ታናናሾቹን ይዞ ለቀረ ታላቅ ወንድም ወይም እህት።

ክፉ ዓመት ሲመጣ በብዙ ቤት የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ዝክሩ ይቀራል። ቀጥሎ የጎረቤት ቡና ይቀራል። ከዚያ የማታው ጸሎት ይቆራረጣል። በመጨረሻ ሁሉም እራቱን በልቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። "ሲመቸን እንመልሰዋለን" ይባላል። ግን ጨርሶ የተተወ ነገር ሲመችም ቶሎ አይመለስም። እናቶቻችን ማታ እሳቱን አያጠፉትም፣ በአመድ ያዳፍኑታል፤ ሲነጋ ከዚያው ፍም ያቀጣጥላሉ። የምመክረውም ይህንኑ ነው። በቤታችሁ የነበረውን መልካም ነገር ሁሉ አቅማችሁ እስከፈቀደው ድረስ አሳንሱት፤ ግን አትተዉት።

እኔ የምጽፈው ባደግሁበት በኦርቶዶክስ ቤት ልማድ ነው። አካሄዱ ግን ለሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ሆነ ለሌላው ቤት ይሠራል። እያንዳንዱ የራሱን ጸሎትና የራሱን በዓል ያስገባበት።

1. የነበረውን ጻፉ

አንድ ማታ ከእራት በኋላ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። ቤታችሁን ቤት ያደርገው የነበረውን ነገር ሁሉ ጻፉ። የእሑድ ቅዳሴ፣ የ12ቱ ሚካኤል ዝክር፣ ከጎረቤት ጋር ቡና፣ አያት ጋ መሄድ፣ የማታ ተረት፣ የበዓል ልብስ። ልጆቹንም ጠይቁ። አዋቂ የማያስበውን ይናገራሉ። "እሑድ እሑድ እማዬ ፀጉሬን ስትሠራኝ" የምትል ልጅ ልትኖር ትችላለች። እሱንም ጻፉት፤ እንዲያውም ቀድማችሁ እሱን ጻፉት፣ ምክንያቱም ብር አይጠይቅም።

ከዚያ ከእያንዳንዱ ጎን ትንሹን መልክ ጻፉ። ዝክር፦ ድግሱ ይቅር፣ አንድ ድፎ ዳቦ ይቆረስ። ቡና፦ በየቀኑ ካልሆነ በሳምንት ሦስቴ። አያት ጋ መሄድ፦ መንገድ ከተዘጋ በሚሄድ ሰው እጅ ደብዳቤ ይላክ፣ ልጆቹም ስማቸውን ከሥሩ ይጻፉ። የበዓል ልብስ፦ አዲሱ ይቅር፣ ያለው ታጥቦና ተተኩሶ ይለበስ።

ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በቃል የቀረ ውሳኔ ሳምንት አይቆይም።

2. ለጸሎት ሁለት ሰዓት ያዙ

ቤተ ክርስቲያናችን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። የተጨነቀ ቤት ሰባቱንም እይዛለሁ ካለ በሦስተኛው ቀን ይዝላል። ሁለት ብቻ ያዙ። አንዱ ጠዋት ማንም ከቤት ሳይወጣ፣ ሌላው ማታ ማንም ሳይተኛ።

ቦታ ለዩለት። ሰፊ መሆን የለበትም። ንጹሕ ጥግ፣ ወደ ምሥራቅ የሚያስዞር፣ ሥዕለ አድኅኖ ካለ የተሰቀለበት። ጧፍ ከተወደደ ለበዓል ቀን አስቀምጡት፤ ጸሎት ያለ ጧፍም ይደርሳል።

ትንሹ መልክ ይህ ነው። በስመ አብ፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው። የምትደክሙበት ቀን አለ፤ ያን ቀን ይህ ይበቃል፣ አይጸጽታችሁ።

አቅም ሲኖር ዳዊት ጨምሩ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት 150ው መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሏል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል። ይህ ለዳዊት ደጋሚ ነው። ለጀማሪ ቤት በቀን አንድ መዝሙር በቂ ነው። መስከረም 1 ብትጀምሩ ጥር 30 ትጨርሳላችሁ። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ልክ አምስት ወር ነው። ልጆች ይህን ቆጠራ ይወዱታል፤ ስንተኛው ላይ እንደደረሳችሁ እነሱ ይያዙ። አያት በግዕዝ በቃላቸው የሚያውቁትን ይድገሙ፣ ልጅ በአማርኛ ያንብብ። ሁለቱ ሲሰማሙ የሚሰጠው ደስታ ትልቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በክፉ ዓመት ብዙ ሰው የሚያስመስል ጸሎት ይጸልያል። ውስጡ ተቆጥቷል፣ አፉ ግን "ተመስገን" ይላል። እንዲህ ሲሆን ጸሎቱ ከሰውየው ይለያያል፤ ቀስ እያለም ይደርቃል። ዳዊት ራሱ እንዲህ አልጸለየም። መዝሙር 12ን (በአንዳንድ እትም 13ን) አንብቡት፣ "እስከ መቼ ትረሳኛለህ?" እያለ ነው የሚጀምረው። ከጸሎተ ነቢያት አንዱ የሆነው የዕንባቆም ጸሎትም መጨረሻው ላይ በለሱ ሳያፈራ፣ እርሻው መብል ሳይሰጥ፣ በጉ ከበረት ጠፍቶ፣ ላሙም ከጋጥ ጠፍቶ በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ይላል። ነቢዩ መጀመሪያ የጎደለውን አንድ በአንድ ቆጠረ። ደስታው የመጣው ከቆጠራው በኋላ ነው። ገበሬ ለሆነ ሰው ይህ ጸሎት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ከማታው ጸሎት በኋላ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ነገር ይናገር። ዛሬ ያስፈራኝ ይህ ነው፣ ዛሬ ደስ ያለኝ ይህ ነው። አባት ቀድሞ ይናገር። አባት "እኔም ፈርቻለሁ" ሲል ልጁ ብቻውን እንዳልፈራ ያውቃል። ደስ ያለውም ነገር ትንሽ ይሁን፤ "ላሟ ወተት ጨመረች"፣ "ዛሬ ፀሐይ ወጣ" ይበቃል። ምክር አይሰጥ፣ መልስ አይሰጥ። ሰምቶ "አሜን" ማለት ብቻ።

ሰዓት እላፊ ሆኖ ወይም መንገዱ አስፈርቶ ቅዳሴ መሄድ ያልቻላችሁ እንደሆነ በቅዳሴው ሰዓት ሥራ አቁሙ። ልብስ ቀይሩ፣ ቁሙ፣ የቀኑን ውዳሴ ማርያም ድገሙ። እንደ ዳዊቱ ሁሉ ውዳሴ ማርያምም ለሰባቱ ቀናት የተከፈለ ነው። ደወል የሚሰማበት ሰፈር ካላችሁ ደግሞ ሰዓቱን እሱ ይነግራችኋል።

3. ዝክሩንና ማኅበሩን አሳንሱ

በወሩ ውስጥ ቤተሰቡ የሚወደውን አንድ ቀን ምረጡ። 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም፤ የትኛውም ይሁን። አንድ ብቻ ይሁን። ያን ቀን ቤቱ ይጠረግ፣ ንፍሮ ይቀቀል ወይም ዳቦ ይጋገር፣ የሰፈር ልጆች ይጠሩ። ጠላ የለም ብሎ መቅረት የለም።

ማኅበር ያላችሁ ሰዎች አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። ተራው የደረሰበት ድሀ "አልቻልኩም" አይልም። ይበደራል፣ ወይም ዶሮውን ይሸጣል፣ ወይም ደግሞ ምክንያት ፈጥሮ ከማኅበሩ ይወጣል። ስለዚህ "ዘንድሮ ሁላችንም በዳቦና በንፍሮ ብቻ እንጠጣ" የሚለውን ሐሳብ ማንሳት ያለበት የተሻለ ያለው ሰው ነው። አቅም ያለው ሲያነሳው ማንም አያፍርም። የማኅበሩ መሪ የሆነው ሙሴም ይህን አጽድቆ በማኅበሩ ፊት ይናገር። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ከተስማማው በላይ ቢደግስ ደግ አደረገ አይባል።

4. ቡናን በተራ አፍሉ

ቡና ውድ ነው። ሦስት ጎረቤት በየቤቱ ሦስት ጀበና ከሚጥድ ቀን ተመዳድቦ በተራ ያፍላ። ሰኞ እነ እገሌ ቤት፣ ረቡዕ እኛ ቤት፣ ዓርብ እነ እትዬ ቤት። ቁርሱ ቆሎ ይበቃል። ጤና አዳም ከጓሮ ይቀነጠስ።

ክፉ ወሬ አይወራ ማለት አይቻልም። ሰው መንገዱ ተከፍቶ እንደሆነ፣ ማን እንደታመመ ማወቅ አለበት። ግን ድንበር አብጁለት። ወሬው አቦል ላይ ይለቅ። ቶና ላይ ሌላ ጨዋታ ይነሳ። በረካ ላይ ከመካከላችሁ ዕድሜ የጠገቡት ይመርቁ፣ ሌላው "አሜን" ይበል። ምርቃት የሌለው ቡና ለእኔ ቡና አይደለም።

ሞጣም ሆነ ደብረ ማርቆስ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎን ለጎን ይኖራል። በቡና ተራው ላይ ሙስሊም ጎረቤታችሁን አትዝለሉ። በክፉ ዓመት በሰው መካከል ጥርጣሬ የሚገባው ቡና መጠራራት ሲቆም ነው።

5. ኩሽናውንና ጓሮውን አንቁ

ደስታ ከሆድ ይጀምራል ባልልም፣ ከኩሽና ሽታ ግን ይጀምራል። የተቆላ ገብስ የሸተተበት ቤት ውስጥ ልጅ አይከፋውም። ሁለት ነገር ልንገራችሁ፤ ሁለቱም ርካሽ ናቸው፣ ሁለቱም ለጾም ይሆናሉ።

በሶ፦ ገብሱ ይፈተግ፣ ይቆላ፣ ገለባው ተነፍቶ ይውጣ፣ ከዚያ ይፈጭ። ዱቄቱ ደረቅ ዕቃ ውስጥ ተከድኖ ብዙ ይቆያል፤ የመንገደኛ ስንቅ የሆነውም ለዚህ ነው። ሲበላ ጨው፣ ትንሽ በርበሬ፣ ትንሽ ዘይትና ጥቂት ውሃ ጨምሮ ማሸት ነው። ውሃው በአንድ ጊዜ አይፍሰስ፤ በጠብታ በጠብታ ይጨመር፣ አለበለዚያ ይላቁጣል። ከእጅ የማይጣበቅ ሲሆን ጭብጦ ይደረጋል። ጭብጦ መጨበጡን ለልጆች ተዉላቸው። እጃቸውን ታጥበው ይቀመጡ፣ እያንዳንዱ የራሱን ይጨብጥ። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ረጅም ቀን ይህ ራሱ ጨዋታ ነው።

ስልጆ፦ ሱፍ ተወቅጦ በውሃ ይታሽና ይጠለል። ጭማቂው ይጣድ። ሲሞቅ የባቄላ ዱቄት እየነሰነሱ ቀጭን ገንፎ እስኪመስል ማማሰል ነው። ከዚያ ይውረድና ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ሳይቀዘቅዝ ሰናፍጭ አይጨመር። የተወቀጠ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶ፣ ከጎረቤት ያለፈውን ስልጆ አንድ ማንኪያ ለእርሾ ለምናችሁ ጨምሩና እንስራው ወይም ማሰሮው ተከድኖ ለቀናት ይቀመጥ። ሲኮመጥጥ ደርሷል። አንድ ማሰሮ ስልጆ ያለው ቤት በጾም ወጥ ምን ልሥራ ብሎ አይጨነቅም። ደግሞ ያን አንድ ማንኪያ እርሾ ለመለመን የጎረቤት በር ይንኳኳል፤ ይህም ጥቅሙ ነው።

ጓሮ ካላችሁ ሰኔ ሲገባ ጎመን ዝሩ። ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ለወጥ ይደርሳል። ሥሩን አትንቀሉት፤ የታችኛውን ቅጠል እየቀነጠሳችሁ ብሉ፣ ከላይ ይጨምራል። በበጋ ሳሙና ያልነካውን የእህልና የአትክልት እጣቢ ውሃ አጠጡት። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን መደብ ስጡት። ጓሮ የሌላችሁ ከሆነ የተሰነጠቀ ባልዲም ሽንኩርትና በሶብላ ያበቅላል።

6. ማታውን ለልጆች ስጡ

መብራት ሲጠፋ ስልክም ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ተጠቀሙበት። በክረምት የደብረ ማርቆስ ማታ ብርድ ነው፣ ሁሉም ምድጃው ዙሪያ መሰብሰቡ አይቀርም። "እንቆቅልሽ" በሉ፣ "ምን አውቅልህ" ይበሉ። "ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት" በሉና ጤዛ መሆኗን እስኪያውቁት ጠብቁ። ካላወቁት አገር ይስጡ። ደጀንን ስጠኝ፣ ቢቸናን ስጠኝ፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ ዳንግላን፣ እንጅባራን። እንዲህ እንዲህ እያለ ልጁ ማየት ያልቻለውን አገሩን በስም ያውቀዋል። ልጁ ጠያቂ ሲሆን ደግሞ የተሰጠውን አገር ንጉሥ ሆኖ ማስተዳደር፣ መንገዱን መክፈት፣ ትምህርት ቤቱን ማሠራት ይፈቀድለት። ልጆች ሲነግሡ ምን እንደሚሠሩ መስማት ለአዋቂም መጽናኛ ነው።

ትምህርት የተቋረጠባቸው ልጆች በቀን አንድ ሰዓት ይማሩ። ከዚያ በላይ አታስጨንቋቸው። ታላቅ ታናሽን ያስነብብ፤ ያስተማረ ሰው የተማረውን አይረሳም። በሰፈራችሁ የኔታ ካሉ ደግሞ ላኳቸው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ቤት ስማቸው የሚጠራ ነው። በቁራሽና በጥሬ እየኖረ፣ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ የሚማር ተማሪ ዛሬም በየመንደሩ አለ። ችግር ትምህርትን እንደማያጠፋ ለልጅ በቃል ከምትነግሩት ያን ተማሪ ያሳዩት።

"በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ ሲመጣም ባዶውን አይመለስ። ከመሶቡ ትንሽ ቁራሽ ለእሱ ትነሳ፣ የምትሰጠውም በልጅ እጅ ትሁን። ክፉ ዓመት ልጅን ከሚጎዳባቸው ነገሮች አንዱ "እኛ የምንሰጠው የለንም" ብሎ እንዲያምን ማድረጉ ነው።

ኔትወርክ ሲመጣ ደግሞ ስልኩ ላይ ሁሉም ይሻማል። ወሬ የሚታይበት ሰዓት ለዩ፤ ከመኝታ በፊት ግን አይሁን።

7. ሐዘን የገባ እንደሆነ

ለተዝካር አትበደሩ። ይህን የምለው ሐዘንተኛን ላሳንስ አይደለም። ለሟች ነፍስ የሚደረገው ፍትሐቱ፣ ጸሎቱና ምጽዋቱ ነው፤ ላም ታርዶ ሰፈሩ ሁሉ መጥገብ ግዴታ አይደለም። የንስሐ አባታችሁን ጥሩና ስለ አርባው አስቀድማችሁ ተማከሩ። አባ ካሉ ዘመድ አይናገርም። ጥቂት ድሆችን ማብላት ይበቃል።

በሐዘን ቤት ውስጥ ልጆች እንዲስቁ ፍቀዱላቸው። የሟቹን ስም ከመጥራት አትሽሹ። ይወደው የነበረውን ወጥ ሥሩ፣ የተናገረውን ተረት ተርቱ።

አንድ ሰው ግን ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከጠላ፣ ከአልጋ መነሳት ካቃተው፣ ወይም መኖር አልፈልግም ካለ ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። ብቻውን አትተዉት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ጠበልም ይጠመቅ፣ መድኃኒቱንም ይውሰድ። አንዱን ለአንዱ ብላችሁ አታስቁሙት። ነፍሰ ጡር፣ አራስ፣ በሽተኛና ሕፃን ስለ ጾሙ የንስሐ አባትን ይጠይቁ፤ ቤተ ክርስቲያን ለደካማ ታዝናለች።

8. ጳጉሜን ላይ ወረቀቱን አውርዱ

ጳጉሜን 5 ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ 6። በእነዚህ ቀናት የለጠፋችሁትን ወረቀት አውርዱና እንደገና ተቀመጡ። የቆየው የትኛው ነው? የተቆራረጠውስ? የተቆራረጠውን ይበልጥ አሳንሱት እንጂ አትሰርዙት።

ልጃገረዶች ለዮሐንስ ዋዜማ እንግጫ የሚባለውን ሣር ይንቀሉ፤ መስኩ ሰላም ከሆነ ይሂዱ፣ ካልሆነ ጓሮ አጥር ሥር ያለው ሣር ተጎንጉኖ ምሰሶው ላይ ይታሰር፣ በእናትና በአባት ራስ ላይም ይደረግ። ለዚህ የሚወጣ ብር የለም።

መጪው ዓመት ትንሽ ቢያቀል ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታሳድጉ። መጀመሪያ ሰው ወደ ቤት የሚያመጣውን መልሱ፤ ቡናውን በሳምንት ከሦስት ወደ አራት፣ ዝክሩን ከሰፈር ልጆች ወደ ጎረቤት አዋቂዎች። ቀጥሎ መንገድ ከተከፈተ ወደ አያት ጋ ጉዞ። ድግሱና አዲሱ ልብስ መጨረሻ ይሁኑ።